መሬት የጠጣው እንገር

አንኮበር ላይ ጉም ሲመጣ በር አያንኳኳም፤ ዝም ብሎ ይገባል። በዚያ ሳምንት ማስተዋል የተኛችበት መደብ ሥር ድረስ እየገባ ይጋደም ነበር። ማስተዋል የበግ ጠጉር ፈትላ የምትሸጥ ሴት ናት፤ የበኩር ልጇን ከወለደች አራተኛ ቀኗ ነው። እንቅልፍና ንቃት ተቀላቅለውባታል። ዓይኗን ስትከድን ልጇ ከገደሉ ማዶ፣ ከጉሙ ውስጥ ሆኖ ይጠራታል፤ ስትገልጥ ክንዷ ላይ ነው። ልቅሶው ከትናንት ጀምሮ እየሰለለ መጥቷል፤ የሚያስፈራትም እሱ ነው።

ጡቷ አጋቶ ድንጋይ ሆኗል። ልጁ ጫፉን ብቻ ይይዝና ይተወዋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼኔ ነው።

የባሏ እናት እትዬ አስካለማርያም ክፉ ሴት አይደሉም። ልጁ እንደተወለደ ቅቤ ያላሱት፣ ሲያለቅስ የስኳር ውሃ በጣታቸው ያቀመሱት በፍቅር ነው። ቢጫውን እንገር «ሆድ ይነፋል» ብለው ማስተዋልን መሬት ላይ ያሳለቧትም በፍቅር ነው። በፍቅር የተሠራን ስህተት ማን ደፍሮ ይናገራል?

የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሰለች ደፈረች። ጠዋት አራሷን ልትጠይቅ መጥታ ልጁን አየች፣ የማስተዋልን ጡት ዳሰሰች፣ ምን እንደቀመሰ ጠየቀች። አልተቆጣችም። ወደ አሮጊቷ ዞር አለችና፣

«እትዬ፣ ላምዎ ስትወልድ እንገሩን ማን ይጠባዋል?» አለቻቸው።

«ጥጃዋ ነቻ። እንገር ያልጠባ ጥጃ መቼ ይቆማል?» አሉና ልጁን አዩት።

በሰለች ጡቱን በሞቀ ጨርቅ አለሳልሳ ጥቂት አለበችለት። ልጁን ራቁቱን ከእናቱ ደረት አጣብቃ ጋቢ ደረበችባቸው። ካሁን ወዲያ ቅቤም ውሃም እንዳይቀምስ፣ አሁንም እምቢ ካለ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እንደሚወርዱ ነገረቻቸው። ከዚያ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠብቃ ጡቱን በጫፉ ዙሪያ ካለው ጥቁረት ጋር አጎረሰችው። ሁለቴ አመለጠው። ማስተዋል ጉሙ እሷንም ልጇንም ከመደቡ ያነሳቸው መሰላት። በሦስተኛው ያዘ፤ ሲውጥ ጉሮሮው ተሰማት። ደስ አላት፤ እንባዋ እስኪወርድ ደስ አላት።

እትዬ አስካለማርያም ምሰሶውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ከማስተዋል ባል በፊት ሁለት ወልደው፣ ስም ሳያወጡላቸው በሳምንታቸው ቀብረዋል። ስለነሱ አውርተው አያውቁም። ቀስ ብለው ቀረቡና የሚጠባውን ልጅ እያዩ፣

«የእኔዎቹም ርቧቸው ነበር?» አሉ።

በሰለች እንደማይታወቅ ልትነግራቸው ጀምራ ተወችው። ማስተዋል ልጁ ጡቱን እንዳይለቅ ተጠንቅቃ ፈቀቅ አለችና፣ ከጎኗ እንዲቀመጡ ቦታ ለቀቀችላቸው።