የሌንሳን ሳቅ መሳል

ጋሼ ጉተማ የመጀመሪያውን ቲማቲም የሳሉ ቀን፣ ሱሃይላ ወረቀታቸውን አንስታ ለሁላችንም አሳየች።

«እዩ፣ ይቺ ቲማቲም ብርሃን አርፎባታል» አለች።

ጋሼ ጉተማ አንገታቸውን ደፉ። «መቂ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ኖሬ ቲማቲም ካላወቅኩ ምን ልወቅ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ወረቀት ዞር ብለው፣ «ያንተ ሽንኩርት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ለቀልድ ሳይሆን ከልባቸው ነበር የጠየቁት። ከፊታችን የተቀመጠችው ቢሊሴ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

ስለ እሳቸው ለመጻፍ ከየት እንደምነሳ ብዙ ቀን አስቤ ከቲማቲሙ የጀመርኩት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ነው።

ሱሃይላ አዳማ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ለጀማሪዎች የውሃ ቀለም ታለማምዳለች። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ስድስት ወንበር፣ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ሁለት ብርጭቆ ውሃ አለ፤ አንዱ ብሩሽ ማጠቢያ፣ ሌላው ቀለም ማቅጠኛ። በጓሮው መንገድ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ውሃው በየብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የተማርነው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በአንድ ቀለም ሳያቋርጡ ማልበስ ነበር። ቀጥሎ ከደማቅ ወደ ፈዛዛ መውረድ። ከዚያ ቲማቲም መጣ።

«ነጭ ቀለም አልሰጠኋችሁም፣ አትፈልጉት» አለችን። «ነጩ ወረቀቱ ነው። ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ፣ የዓይንን ነጭ፣ ጥርስን፣ ሳትነኩ ትተዉታላችሁ። አንዴ ቀለም ከገባበት ግን አይመለስም።»

ጋሼ ጉተማ ይህን ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ሌሎቻችን አልጻፍንም።

ለምን እንደሚማሩ የነገሩኝ አንድ ቅዳሜ ዝናብ ይዞን ከሱቁ በረንዳ ሥር በቆምንበት ሰዓት ነው። ከመቂ ወጣ ብላ ባለች መንደር የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ኦፕሬተር ነበሩ። በየማለዳው ሞተሩን ያስነሳሉ፤ ቦኖው ጋ ጀሪካን የያዘ ሰው ይሰለፋል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ሽታ የለው፣ ድፍርስ የለው። ሰውም ያመሰግናቸው ነበር። ግን በዚያ ውሃ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። እሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘርፉ ጥርሳቸውን ያበቀሉት በሌላ አገር ውሃ ስለሆነ ምንም አልሆኑም። አንዲት ልጃቸው ሌንሳ ግን የተወለደችው እዚያው ነው። ቤታቸው ከፓምፑ ጎን ስለነበር፣ ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ ከመንደሩ ልጅ ሁሉ ቀድማ የምትጠጣው እሷ ነበረች።

«ጠዋት ጠዋት በእጄ እየቀዳሁ ነበር የማጠጣት» አሉኝ፣ መዳፋቸውን እንደ ኩባያ አድርገው።

ሌንሳ አድጋ ቢሾፍቱ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች። ፎቶ ስትነሳ ከንፈሯን ትገጥማለች። ኮሮና በመጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ማስክ ሲያማርር እሷ ደስ አላት፤ በሽታው ከተረሳ በኋላም ሥራ ቦታ አውልቃው አታውቅም። ካቻምና፣ በሃያ ሰባት ዓመቷ፣ በአራት ቀን ሕመም ሞተች።

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ መቂ መኖር ስላልቻሉ አዳማ፣ የወይዘሮ ዘርፉ እህት ግቢ ገቡ። አንድ ቀን ወይዘሮ ዘርፉ ስልኩ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያልፉ ቆዩና፣ «ጉተማ፣ ሳቋ እየጠፋኝ ነው» አሉ።

«እንዴት ይጠፋሻል?»

«ድምፁ አለ። ፊቷ ነው የጠፋኝ። አንድ እንኳ የሳቀችበት ፎቶ የለም፣ ፈልግ እስቲ።»

ፈለጉ፤ አላገኙም። ሱሃይላ በሯ ላይ የለጠፈችውን ማስታወቂያ ያዩት በዚያው ሳምንት ነው። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ በዕድሜያቸው ከእርሳስና ከቁልፍ መፍቻ በቀር ይዘው አያውቁም። አራት ወር ሙሉ ቲማቲም፣ ብርጭቆ፣ የሙዝ ቅጠል ሲስሉ አንድ ቅዳሜ አልቀሩም። በአምስተኛው ወር የሌንሳን ፎቶ ይዘው መጡ።

ፊቷን ከፎቶው ወሰዱ፤ አፏን ግን ከሐሳባቸው ከፈቱት። የጥርሱን ቦታ እንደተማሩት ሳይነኩ ተዉት። ሱሃይላ በጣም ጥሩ ነው አለች። እኔም እንደዚያ አልኩ። በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ቤት ወሰዱት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጡ ሥዕሉ እንደተጠቀለለ ብብታቸው ሥር ነበር።

«ምን አሉ እትዬ ዘርፉ?» አለች ሱሃይላ።

«ቆንጆ ናት አለች።» ተቀመጡ። «የማን ልጅ ናት? አለች።»

የጥርሷን ነገር ለሱሃይላ የነገሯት ያን ጊዜ ነው። ሱሃይላም፣ «እንግዲያው ቡናማውን በብዙ ውሃ ያቅጥኑት ጋሼ» አለች። ሞከሩ። አንዱ ዝገት ሆነ፣ አንዱ ሻይ፣ አንዱ ጭቃ። ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ ከንፈሯ ይፈስሳል። ቢፈዝዝ አይታይም፤ ቢደምቅ ደም ይመስላል። ሰባት ወረቀት አበላሹ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ስንት ወረቀት ገደሉ?» ትላቸው ነበር ቢሊሴ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ያደገችው ከመቂ አለፍ ብሎ፣ በዝዋይ መንገድ ነው። ከሁላችንም ጋር ትቀልዳለች። እሳቸው «ኢንተላ ኮ» ይሏታል፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ስታወራ ጭንቅላቷን ደፋ ታደርጋለች፣ ስትስቅ እጇ ከሳቁ ቀድሞ አፏ ላይ ይደርሳል። እኔ ልብ አላልኩትም ነበር። እሳቸው ከመጀመሪያው ቀን አይተውታል።

ስምንተኛው ወረቀት ላይ ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

«ኢንተላ ኮ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ።»

«ቀለም አለቀ?»

«ቀለሙ አለ። ልኩን ነው ያጣሁት። የሌንሳ ጥርስ እንዳንቺው ነበር።» ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር። «አንዴ ብቻ እጅሽን ከአፍሽ አንስተሽ አሳዪኝ። አይቼ ልቀምመው።»

ሱሃይላ ከወንበሯ ልትነሳ ብላ ተወችው። ቢሊሴ የቀለም ሳጥኗን ዘጋች፤ ብሩሿን ሳታጥብ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ክላስ አለኝ ጋሼ፣ ይቅርታ» አለች፣ ከንፈሯን ብዙም ሳትከፍት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክላስ እንደሌላት ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ሱሃይላ ሁለት ጊዜ ደውላላት ነበር፤ አላነሳችም። ሱሃይላ ውሃ ስትቀዳ ግን አሁንም የቢሊሴን ሁለት ብርጭቆ ትሞላለች።

ያን ቀን ስንወጣ ጋሼ ጉተማ ክንዴን ያዙኝ። «መጀመሪያ ልጆቹን ውሃውን አጠጣኋቸው» አሉኝ። «አሁን ደግሞ አፋችሁን ክፈቱ እላለሁ።»

ባጃጅ አስቁሜ አሳፈርኳቸው።

ሁለት ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። በሦስተኛው መጡና አንድ ወረቀት አውጥተው ቀጥታ በብሩሽ ጀመሩ። ሌንሳ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ዓይኖቿ ከሳቅ የተነሳ ጠበዋል። ከዓይኗ በታች እጇ ነው። አራቱ ጣቶቿ ተገጣጥመው ከአፍንጫዋ ሥር እስከ አገጯ ሸፍነዋታል። አፍ የለም። ጥርስ የለም። ሱሃይላ ከጀርባቸው ቆማ አየችና ወደ ሱቁ ወጣች።

«አሁን ገባኝ» አሉኝ ጋሼ ጉተማ ብሩሹን እያጠቡ። «ሳቋን ረስተን አይደለም። አላየነውም። እኛ ፊትም እጇን ከአፏ አንስታ አታውቅም።»

ብቻቸውን መሄድ እንደከበዳቸው ስለገባኝ እስከ ቤት ሸኘኋቸው። ባጃጅ ውስጥ ሥዕሉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ገና እርጥብ ስለሆነ ነፋስ እንዳያጥፈው በሁለት ጣት ዳር ዳሩን ይዘው ሄዱ።

ወይዘሮ ዘርፉ ግቢው ውስጥ ልብስ እያጠቡ ነበር። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው ወረቀቱን ተቀበሉ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሌንሳ» አሉ።

የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቁም። ጋሼ ጉተማ ግን ፊታቸው አልተፈታም፤ የሚመጣውን ያወቁ ይመስለኛል። ወይዘሮ ዘርፉ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡና፣ ከውሃ በወጣ አውራ ጣታቸው የተሳለውን እጅ ቀስ እያሉ መጥረግ ጀመሩ፤ ሕፃን ልጅ አፉ ላይ የቀረ ምግብ እንደሚጠረግለት።

«አንዴ አንሺው» አሉ። «አንዴ ብቻ፣ እናቴ።»

ጣቶቹ ደበዘዙ፣ አንዱ ወደ አንዱ ፈሰሰ። ቀለሙ ግን አልለቀቀም።

«ዘርፉ፣ ተይው» አሉ ጋሼ ጉተማ። «ከሥሩ ምንም የለም። ወረቀት ነው።»

ወይዘሮ ዘርፉ ግን መጥረጋቸውን አላቆሙም።