ቀጭ የምትለዋ ስልክ

ቀጭ!

ሂሳኖ ከማድቤት ብቅ ባለች ቁጥር ባሏ ኤይኪቺ ታጣፊ ስልኩን ይከድናል። ሦስት ሳምንት ሆነው። በጃፓኗ ኦኖሚቺ ከተማ ዳገት ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ አንድ ፌርማታ ያልዘለለ ሰው፣ ጡረታ ወጥቶ ሚስቱን እየዘለለ ነው።

«ማን ነው?»

«ማንም።»

«ማንም የምትለው ሰው ነው ጣትህን እንዲህ የሚያስሮጠው?»

«ሾርባው ይገነፍልብሻል፣ እናቷ።»

ልጃቸው ቺግሳ ከተወለደች ጀምሮ «እናቷ» ነው የሚላት። ቺግሳ ከአባቷ ጋር ተኳርፋ ይህን ቤት ከረገጠች ስድስት ዓመት አለፈ፤ ቅዳሜ ትመጣለች። ሂሳኖን የጨነቃት ይኸው ነው። ሌላ ሴት ካለችው ልጇን በየትኛው ፊቷ ትቀበል? ከቅዳሜ በፊት ማወቅ አለባት።

ሐሙስ ከሰዓት፣ እሱ ፂሙን ሲላጭ፣ የመነጽሩን ማኅደር ከፈተች። ከጥፍር የምታንስ ሚሞሪ ካርድ፤ አንድ ወረቀትም። በባሏ እጅ የተጻፉ ሃያ የጃፓን ፊደሎች፣ ተገጣጥመው አንድ ቃል የማይወጣቸው።

የምስጢር ቋንቋ አበጅተዋል! ስልኩን ገለጠችው። «ከማይታወቅ ምንጭ የመጣ ነው፤ ይፈቀድ?» ይላል። ቁጭ አለችና በሹክሹክታ አንጎራጎረች፦

*የአርባ ዓመት ቤቴን ቁልፉን ይዤ ኖሬ፣*
*በእጅህ ካለች በር ሥር ደጅ ጠናሁ ዛሬ።*

«አባቷ! ከየት እንደመጣች የማትታወቀዋ ማን ናት? ይፈቀድላት ወይ ይላል ስልክህ!»

ኤይኪቺ አረፋው ጉንጩ ላይ እንዳለ ብቅ አለ። ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

«የቺግሳ ጨዋታ ነው። አሥር ዓመቷ ሳለ ማጫወቻዋን የጣልኩባት ጊዜ፣ የጨዋታው ካሴት ቀርቶ ኖሯል። ጥገና ቤት ሄጄ ካርድ ላይ አስገለበጥኩት። ስልኬ ደግሞ አሮጌ ነው፤ የሚያጫውተውን ፕሮግራም በካርድ እያስገባሁ ስሞክር ሁለቱ እምቢ አሉ፣ ሦስተኛው ሠራ። በከፈትኩት ቁጥር ይፈቀድ የሚለው እሱን ነው። ሁለት ቁጥር ወደ ላይ፣ ስምንት ወደ ታች፣ አምስት መምቻ...»

«ምን ያስደብቃል ታዲያ?»

«ያቆመችበት ቦታ ከፍቼ ልሰጣት ነበር። ጨዋታው ፊደል ይሰጥሻል፣ ገልብጠሽ ታስቀምጫለሽ፣ በሌላ ቀን ስታስገቢው ካቆምሽበት ይቀጥላል። እኔ ባስገባሁ ቁጥር ‹ተሳስተሃል› ይለኛል።»

«እሷ የጻፈችውን አምጣው» አለች፣ ገና ሳታምነው።

አመጣ። የአውቶቡስ ሰዓት ሰሌዳ ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ፣ የልጅ እጅ። ሂሳኖ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ አሥራ አራተኛው ላይ ቆመች።

«ይሄን ‹ሜ› ብለህ ነው የገለበጥከው? ‹ኑ› እኮ ነው! የሁለቱ ልዩነት የጭራው ቀለበት ብቻ ነው፤ ቺግሳ ስትቸኩል ደግሞ ቀለበቱን ትተወው ነበር። ስንቴ ተቆጥቻታለሁ! አንተማ መንገድ ላይ ነበርክ፣ በየት ታውቀዋለህ።»

ኤይኪቺ ካርዱን ከተተና ፕሮግራሙን ፈቀደለት፤ በአውራ ጣቱ ሃያውን ፊደል አንድ በአንድ አስገባ። ታጣፊዋ ስልክ እንደ ወፍ ጮኸች። አንድ ትንሽ ሰው ከምንጭ ዳር ቆሟል፤ ከራሱ በላይ ስሙ። ጨዋታው ለስም የሚሰጠው አራት ፊደል ነው፤ ቺግሳ የሞላችው፦ ኤይኪቺ።

አባትየው ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። አረፋው ጉንጩ ላይ ደረቀ።

«ዱላ ነው ያስያዘችህ» አለች ሂሳኖ። «ሰይፍ እንኳ አልገዛችልህም።»

«ቅዳሜ ትገዛልኛለቻ።»

ማድቤት ሾርባው ገነፈለ። ሁለቱም ሮጡ፤ ታጣፊዋ ስልክ እንደተገለጠች ገበታው ላይ ቀረች።