የፈራሚዎቹን ስም አውጣ

የያዙኝ ኮምቦልቻ፣ ከክፍል ስወጣ ነው፤ ጠመኔው ከእጄ ገና አልረገፈም ነበር። ደሴ አምጥተው ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ከተቱኝ። ወለሉ ስሚንቶ ነው፤ ጥጋጥጉ አሁንም የነቀዘ ማሽላ ይሸታል።

ጥፋቴ የታሪክ ማስተማሪያ ደብተሬ ነው። አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ንጉሥ ስለተላቀቁበት ሰነድ ጽፌበታለሁ። መርማሪው ገጹን በጣቱ እየመታ፣

"ፈራሚዎቹ ሃምሳ ስድስት ናቸው ይላል። ስማቸውን አውጣ!" አለኝ።

"ሞተዋል፣ ጓድ።"

"ማን ገደላቸው?"

"ነገሩ እኮ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ነው።"

ያሾፍኩበት መስሎት በጥፊ አጮለኝ።

ወደ መጋዘኑ ተመልሼ ይህን ሳወራ እስረኛው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቁት አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው። ከኮምቦልቻ በታች ካለው ቆላ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ሁላችንም "አባባ" እንላቸዋለን።

"መምህር፣ ሰዎቹ ምን ብለው ነው የፈረሙት?"

"ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል፤ መንግሥትም ሥልጣን የሚያገኘው ከሕዝቡ ፈቃድ ነው ብለው።"

"ንጉሡ ቢይዛቸውስ?"

"ይሰቅላቸው ነበር። እያወቁ ነው የፈረሙት።"

ብዙዎቹ ባሪያ እንደነበራቸውም አልደበቅኋቸውም። እሳቸውም "እንግዲያማ ግማሹን ነው የፈረሙት" አሉ። እኔ ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ መልስ አልሰማሁም።

አባባ የተያዙት በጎረቤታቸው ምክንያት ነበር። "ጎረቤቴ መሣሪያ ሲደብቅ አይቻለሁ" የሚል ወረቀት ተጽፎ የእሳቸውን አሻራ ይጠብቃል። አሻራቸውን ካኖሩ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እምቢ ካሉ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው ደግሞ ያዩት ነገር የለም።

እንዲፈርሙ የተሰጣቸው ቀነ ገደብ ባለቀበት ጧት እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው።

"አባባ፣ በሞቴ ያድርጉት። ጎረቤትዎ ይኼኔ ሸሽቷል። ልጆችዎ ይጠብቁዎታል።"

"አብሽር፣ መምህር" አሉኝ፣ እኔን ሊያጽናኑ። አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ። "ወላሂ፣ ይህች ጣት በቂያማ ቀን አፍ አውጥታ ትመሰክርብኛለች። ምን ልላት ነው? ደሞስ ያንተዎቹ ሰዎች ገመድ እየታያቸው ለእውነት ፈረሙ አላልከኝም? እኔ ለውሸት ልፈርም?"

ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ።

ከቀትር በኋላ ዘበኛው በሩን ከፍቶ "አንተ ሽማግሌ፣ ዕቃህን ትተህ ውጣ!" አለ። ዕቃውን ትቶ የወጣ ተመልሶ አያውቅም። አባባ ከቆርቆሯችን ውሃ ቀድተው፣ ሳይቸኩሉ ውዱእ አደረጉ። ዘበኛው ቢጮህም እግራቸውን ታጥበው እስኪጨርሱ አልተነሱም። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው "አፉ በሉኝ" ብለው ይቅርታ ጠየቁን። እሳቸው፣ እኛን! ቀጥ ብለው ወጡ።

ከሳምንት በኋላ ለእኔም ወረቀት መጣልኝ። "የኢምፔሪያሊስት ትምህርት በማስተማሬ ተጸጽቻለሁ" ይላል። ፈረምኩ። ሰው በሚያደንቅልኝ በዚያ የእጅ ጽሑፌ ፈረምኩና ተፈታሁ።

አሁን አርጅቻለሁ። የእነዚያን አሜሪካኖች ስም ከነአባታቸው ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ አባባ ምን ብለው እንደሞቱ ለልጆቻቸው ልነግር ቆላውን ዞርኩት። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "የማንን አባት ነው የምትፈልግ?" ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ? አብሬያቸው ስበላ፣ አብሬያቸው ስተኛ፣ አንድ ቀን እንኳ ስማቸውን አልጠየቅኋቸውም።