ስልኮችን እኩል ማካፈል

ከጣና ዳር ብዙ በማይርቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ አሥራ አንድ የዋይፋይ ሳጥኖች የሰቀልሁት እኔ ነኝ። ቀድሞ ሱቁ ሁሉ የየራሱ ሳጥን ነበረው፤ ሁሉም ሞገዳቸውን ባንድ ጊዜ ስለሚለቁ አንዱ ሌላውን ያፍነው ነበር። እኔ ማዘዙን ከሳጥኖቹ ወስጄ ደረጃ ሥር ላስቀመጥኋት አንዲት ኮምፒውተር ሰጠሁ። ሳጥኖቹ ተሸካሚ ብቻ ሆኑ፤ የትኛው ስልክ በየትኛው ሳጥን እንደሚያልፍ የምትወስነው እሷ ናት። ያስተማረኝ ሰው የለም። ከኢንተርኔት ባወረድኋቸው ጽሑፎች፣ እየተሳሳትሁ እያፈረስሁ ተማርሁት።

ትእዛዜ አጭር ነበር፤ አንድ ሳጥን ከጎረቤቱ በሦስት ስልክ ከበለጠ ትርፉ ወደ ጎረቤቱ ይዛወር። ቁጥሮቹ እኩል ሲሆኑ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። በዚያ ወቅት ሌላ ደስ የሚለኝ ነገር ብዙም አልነበረም። ቀኑን መሰላል ላይ እውላለሁ፤ ስወርድ «ኔትወርክ የለም» የሚል ሰው ከታች ቆሞ ይጠብቀኛል።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ነበሩ። ባለቤታቸው አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ በቪዲዮ ያነጋግሯቸዋል። ጥሪው ግን ይቋረጣል። ሐጂ ስልክ ይዘው በረንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚመላለሱ፣ ጥፋቱን በእግራቸው አላከክሁ።

«ሐጂ፣ ይቀመጡ። ሲንቀሳቀሱ ነው የሚቋረጠው።»

«አርባ ዓመት ቆሜ ሽጫለሁ፤ አንተ ልታስቀምጠኝ መጣህ?» አሉኝ። ግን ተቀመጡ።

ከጎናቸው ያለችው ልብስ ሰፊ ሳቀች። «ኢንጂነር፣ እኔንም አስቀምጠኝ ልልህ ነበር፤ ለካ ተቀምጬ ነው የምውለው!»

በአራተኛው ቀን ገመድ ላጠብቅ ስወጣ ሐጂ በርጩማቸው ላይ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አገኘኋቸው። ስክሪኑ ጠቁሯል። ሲያዩኝ «አልተነሣሁም እኮ» አሉ፣ አስተማሪ እንደያዘው ተማሪ።

ወርጄ የኮምፒውተሯን መዝገብ ከፈትሁ። ጥሪው በተቋረጠበት ደቂቃ የሐጂ ስልክ ከሦስተኛው ሳጥን ወደ አራተኛው ተዛውሯል፤ ሦስተኛው ላይ ስልክ ስለበዛ። ባለፉት ቀናትም እንዲሁ። መስመሩም እግራቸውም አልነበረም። ትእዛዜ ነበር።

ዝም ብዬ ባስተካክለው ማንም አያውቅም ነበር። ደክሞኝ ነበርና ይህንኑ ለማድረግ በጣም ዳዳኝ። ግን ደረጃውን ወጣሁ።

«ሐጂ፣ ሲያቋርጠው የነበረው የእኔ ሥራ ነው። የእርስዎ እግር አይደለም።»

«ምን በደልሁህ?»

«ስልኮቹን እኩል ላካፍል ብዬ ነው።»

«እኩል! ሰው ጣቃ ነው እንዴ በሜትር የምትቆርጠው?» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የምመላለሰው ወድጄ መሰለህ? ከበረንዳው ጫፍ ሐይቁ ይታያል። እሱን አሳየኝ ትለኛለች። አራት ቀን ሙሉ ጨርቅ ነው ያሳየኋት።»

ወደ ኮምፒውተሯ ወረድሁ። ጥሪ ላይ ያለ ስልክ ሞገዱ እስኪደክም ድረስ ከያዘው ሳጥን እንዳይነቀል አድርጌ ትእዛዙን ዳግም ጻፍሁ።

በማግስቱ ላፕቶፔን ይዤ በረንዳው ላይ ቆምሁ። ሦስተኛው ሳጥን ተጨናንቋል፣ አራተኛው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። እጄ ሊያስተካክለው ቃጣ፤ ተውሁት። ሐጂ ጫፉ ደርሰው ስልኩን ወደ ውኃው አዞሩ።

«ዝቅ አድርገው እንጂ» አለ ከስልኩ የደከመ የሴት ድምፅ፤ «ሰማይ ብቻ ነው የሚታየኝ።»