የቴዮ ኳስ የወደቀችበት ቦታ

ዶን ቴዮ በጎረምሳነቱ በቤዝቦል ዱላ እንደመታት ኳስ ያለ መንገደኛ አልታየም። ዓመት በጨመረ ቁጥር እሷም በወሬው መንገድ ትጨምራለች። ልጆቹ ሕፃናት ሳሉ የሜዳውን አጥር ዘላ ወደቀች፤ ልጆቹ ሲዳሩ የብርቱካን እርሻውን ቦይ ተሻገረች፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ ደግሞ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ አረፈች። ባለፈው የገና ዕለት፣ የተኪላው አረቄ ከወረደ በኋላ፣ በሚያልፍ የጭነት ባቡር ተሳፍራ ከካሊፎርኒያ አሪዞና ገባች። የሜክሲካውያኑ ሰፈር አንድም ቀን "ኧረ ተው" አላለውም። እንዲያውም በጊታር ይዘፍንለታል፦

*የቴዮ ኳስ ሄደች ደመና ሰንጥቃ፣*
*ሐዲድ ተሻግራለች ጨረቃን ጠይቃ።*

ዘፋኙ ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ ያችን ኳስ የወረወረለት፣ የተጋጣሚው የሎሚ ለቃሚዎቹ ቡድን ወርዋሪ የነበረው አበልጁ ፊደንሲዮ ነው። ሽንፈቱን እየዘፈነ ያረጀ ሰው!

ዘንድሮ ሰፈሩ የድሮ ተጫዋቾቹን ሊያከብር ተነሣ። ሳምንቱን ሙሉ ብርቱካን ሲለቅሙ ሰንብተው፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቶቻቸው ከዱቄት ጆንያ የሰፉላቸውን ማሊያ ለብሰው አቧራውን ያጨሱት የነበሩት ጎረምሶች ገሚሶቹ አፈር ለብሰዋል፤ የቀሩት ከዘራ ይዘዋል። በዓሉን የምታዘጋጀው መምህርት ሀሲንታ የምሥራቹን ይዛ መጣች።

"ዶን ቴዮ፣ ኳስዎ የወደቀችበት ቦታ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ ልንተክል ነው። ቦታውን እርስዎ ይመሩናል።"

"የት... የወደቀችበት?"

"አዎ፣ በትክክል የወደቀችበት።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዶን ቴዮን እህል አልዋጥለት አለ። ድንጋይ እንደ ዘፈን አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተተከለ በየዓመቱ ፈቀቅ አይልም። ሐዲዱ ዳር ቢያስተክለው ዝናው ይጸናል። ግን...

ግኑ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ሚስቱ ዱሊያ ጎኑ በጎበጠ አሮጌ የቆርቆሮ ገንዳ የተከለቻቸውን አበቦች ውኃ እያጠጣች፣ ቀና እንኳ ሳትል ወጋችው።

"ሐዲዱን ተሻግራ ከሆነ፣ ይህን ገንዳ ያጎበጠው የማን ኳስ ነው? ባለቤቱን ንገረኝና ሄጄ ላግባው። ሰው ተሳስቼ ነዋ የኖርኩት።"

ዶን ቴዮ ባርኔጣውን አሻሸ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሜዳውን የሚያዋስነው ይህ ቤት ያኔ የዱሊያ አባት ቤት ነው። ከቡድኑ ታናሽ ቴዮ ስለነበር፣ የጠፋ ኳስ ፍለጋ የሚላከውም እሱ ነው። አጥሩን ዘሎ ሲገባ፣ ኳሷ የልብስ ማጠቢያ ገንዳዋ ውስጥ ወድቃ ሰማያዊ የልብስ ማንጫ ውኃ ከራስ ጠጉሯ እስከ ነጭ ቀሚሷ የተረጨባት ልጅ ኳሷን ጨብጣ ቆማለች።

"ኳሷን ስጪኝ።"

"ቀሚሴን እጠብልኝ።"

እጁን አረፋ ውስጥ ነከረ። ሲያነሣው ልቡ አብሮት አልወጣም። ችግሩ፣ ሜዳው ዳር የተቀመጡት አባቷ ደጃቸው የቆመ ጎረምሳ ካዩ እግሩን የሚሰብሩ ሰው ነበሩ። ቴዮ እያለከለከ ሲመለስ "የት ጠፋህ?" አሉት።

"ኳሷ ሩቅ ሄዳ ነው!"

የፍቅር ውሸት ናት። አባትየው ከሞቱ ስንት ዘመን ሆነ፤ እሷ ግን ሳትቀበር ቀረች።

በበዓሉ ቀን ሰልፉ ከሜዳው ተነሣ። ወደ ሐዲዱ የሚወስደው መንገድ በዶን ቴዮ ደጅ ያልፋል። ደጁ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ምነው ቆምክ፣ አበልጄ?" አለ ፊደንሲዮ፣ ጊታሩን እንዳነገተ። "አሪዞና ገና ነው እኮ! ወይስ ድንጋዩን በፖስታ እንላከው?"

ሰዉ አውካካ። ዱሊያ አልሳቀችም። አበቦቿን ታያለች፤ ሰማያዊ የተረጨባት ያቺው ልጅ ናት፣ ጠጉሯ ብቻ ነጥቷል። ዶን ቴዮ የግቢውን በር ከፈተና ከገንዳው አጠገብ ቆመ።

"እዚህ ነው። እዚች ገንዳ ውስጥ ነው የወደቀችው።"

ሀሲንታ አጥሩንና ገንዳውን አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

"እዚህ?!" አለ ፊደንሲዮ። "ዕድሜ ልኬን አንገቴን የደፋሁት ለዚህች ነው? ይችንማ አያቴ በወጥ ማማሰያ ትመታታለች!"

"አያትህማ አንተ ስትወረውር ባየች ዓይኗን ጨፍናም ትመታ ነበር" አለ ዶን ቴዮ። "ሩቅ አልሄደችም፣ አበልጄ። የምትደርስበት ደርሳ ነው የቆመችው።"

ፊደንሲዮ ጊታሩን አወረደ፤ ክሩን ጠበቅ፣ ላላ አደረገ፤

*የቴዮ ኳስ ሄደች ደመና ሰንጥቃ፣*
*ገንዳ ውስጥ ወደቀች አጣቢዋን ናፍቃ።*

ሰፈሩ ተቀበለው። ድንጋዩ ተተከለ። ዱሊያ ዓይኗን በአንድ ጣቷ ጠረግ አድርጋ ወደ ባሏ ጆሮ ተጠጋች።

"ቀሚሴ ላይ ያለው ሰማያዊ እስካሁን አልለቀቀም፤ ታውቃለህ?"

ዶን ቴዮ እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ።