የቦዩ ውሃና የጉድጓዱ ውሃ

ዘርፉ የመጀመሪያ ልጇን የቀበረችው በ1967 ክረምት ነው። ሦስት ቀን አስቀመጠው፣ በአራተኛው ቀን ዐይኑ ጎድጉዶ ሞተ። ያኔ ከናዝሬት ወጣ ብሎ አዋሽን ተከትሎ በተዘረጋ የመንግሥት እርሻ ካምፕ ውስጥ ነበር የሚኖሩት። ባሏ ጉደታ ትራክተር ይነዳል። ካምፑ በሙሉ ከመስኖው ቦይ ይጠጣል፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ወተት የገባበት ሻይ ይመስል ነበር።

በዓመቱ እርሻው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ። ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። ጉደታ ግን አልወደደውም።

"ሲወጣ ይሞቃል፣ ጣዕሙም ደስ አይልም። የቦዩ ይሻለኛል" አለ።

"ልጄን የገደለ ውሃ ዳግመኛ ቤቴ አይገባም" አለችው ዘርፉ።

ከዚያ በኋላ የተወለደችው ደራርቱ ሆዷን ታማ አታውቅም። ዘርፉ ለጥንቃቄ የጉድጓዱንም ውሃ በነጠላ አጥልላ፣ አፍልታ ነበር የምታጠጣቸው።

ደራርቱ ጥርስ ስትቀይር አዲሶቹ ቡናማ ነጠብጣብ ይዘው ወጡ። የካምፑ ልጆች ሁሉ እንደዚያው ስለነበሩ ማንም ነገሬ አላለውም፤ ልጅቷ ብቻ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ለመደች። ቆየት ብሎ የጉደታ አንገት ይደርቅ ጀመር። ትራክተሩን ወደ ኋላ ሲነዳ ዞሮ ማየት አቃተው። በ1979 ከትራክተሩ አውርደው ዘበኛ አደረጉት። ገና አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ዘርፉ ናዝሬት ወስዳ አስመረመረችው። ሐኪሙ ራጁን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና፣ "ምን ውሃ ነው የምትጠጡት?" አለ።

"የጉድጓድ።"

"ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለበት። እዚህ ስምጥ ሸለቆ ከድንጋዩ ነው የሚመጣው። ሲበዛ ጥርስ ያበላሻል፣ አጥንት ያደርቃል።"

"እኔ እኮ አጥልዬ፣ አፍልቼ ነው የምሰጣቸው።"

"ማጥለሉም ማፍላቱም አያወጣውም" አላትና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ነገሩ አልገባትም። በካምፑ ትምህርት ቤት ጽዳት ነበር የምትሠራው፤ በማግስቱ ክፍሎቹን ጠርጋ ስትጨርስ የሳይንስ መምህሩን አብተውን ጠየቀችው። አብተው ሁለት ብርጭቆ አመጣ። በአንዱ የቦይ ውሃ ቀዳ፤ በሌላው ንጹሕ ውሃ ላይ ጨው ጨምሮ አማሰለ።

"ጭቃው ያለበት ሰስፔንሽን ይባላል" አላት። "አፈሩ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል እንጂ አልሟሟም። ዝም ብለሽ ብታስቀምጪው ይዘቅጣል፣ በጨርቅም ይያዛል። ይሄኛው ደግሞ ሶሉሽን ነው። ጨው ሟሙቷል። ዓመት ቢቀመጥ አይዘቅጥም፣ የትኛውም ጨርቅ አይይዘውም። እስቲ ቅመሺው። ምንም አይታይም፣ ግን አለ። የጉድጓዱም ነገር እንደዚሁ ነው፤ የቦዩ ግን ከወንዙ ስለሚመጣ ፍሎራይዱ ብዙም የለበትም።"

"ባፈላውስ?"

"ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ የሟሟው ይቀራል። እንዲያውም በቀረው ውሃ ውስጥ ይበረታል።"

ዘርፉ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "እንግዲያው እኔው ነኝ ያበዛሁባቸው" አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የቦዩን ውሃ እየቀዳች እንስራ ውስጥ ታሳድራለች፣ ከላይ የጠራውን ቀድታ ታጠልላለች፣ ከዚያ እስኪንተከተክ ታፈላለች። የመጀመሪያውን ኩባያ ለደራርቱ ከማቀበሏ በፊት ራሷ ቀመሰችው።

ቧንቧው ጋ ለተሰለፉት ሴቶች ነገረቻቸው። ሳቁባት። የሰማቻት ጎረቤቷ ፋዲላ ብቻ ነበረች። ፋዲላ ኑሬ የሚባል የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበራት፤ ጥርሱ እንደ ታላላቆቹ እንዳይሆን ፈራች። ዘርፉም እንዴት እንደሚዘቅጥ፣ እንዴት እንደሚፈላ አሳየቻት።

ግንቦት ላይ ማገዶ ጠፋ። ፋዲላ ውሃውን አዝቅጣና አጥልላ አየችው፤ ጥርት ብሏል። ሳታፈላ ሰጠችው። ኑሬን አስቀመጠውና በሁለተኛው ቀን ሞተ።

ዘርፉ ለቅሶ ስትገባ ሴቶቹ ቦታ አልለቀቁላትም። ፋዲላ ቀና ብላ አየቻት። "ጠርቶ ነበር እኮ" አለቻት። ዘርፉ "አፍልተሽ ስጪው ብዬሽ ነበር" የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ መልሳ ዋጠችው።

በሳምንቱ የካምፑ ሊቀመንበር አስጠራት።

"አብዮቱ ያስቆፈረውን ጉድጓድ አጥላልተሽ ሕዝቡን ጭቃ ታጠጪያለሽ?"

"ጭቃው ይወጣል፤ የማይወጣው የጉድጓዱ ነው። መምህር አብተውን ጠይቁልኝ።"

አብተው ተጠራ። ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ነበር። "እኔ የማስተምረው ተማሪ ነው፤ ለእሷ ያልኩት ነገር የለም" አለ። ዐይኗን ሳያይ ወጣ።

ሃያ ሦስት ቀን አሰሯት። ስትፈታ ከጽዳት ሥራዋ ተባርራ ነበር። ቤት ስትገባ ጉደታ የጉድጓድ ውሃ በጣሳ ይዞ ተቀምጧል።

"ቦዩ ድረስ መሄድ አቃተኝ። ደራርቱንም የቦዩ ዘበኛ ከለከላት" አለ።

ጣሳውን ተቀብላ ደጅ ደፋችው። እንስራዋን አዝላ እንደገና ወደ ቦዩ ወረደች።

ጉደታ ግን ከዚያ በኋላም አልዳነም። አጥንት የገባው አልወጣም። ወገቡ ጎበጠ፣ እግሩ ከዳው፤ የመጨረሻውን ዓመት በጎኑ ተኝቶ አሳለፈ፣ ደራርቱ በማንኪያ እያጎረሰችው። በ1982 ታኅሣሥ ሳንባ ምች ይዞት በአምስት ቀን ሞተ። ሬሳው አልዘረጋ ስላለ አናጢው ሳጥኑን ከፍ አድርጎ ሠራው፤ ያም ሆኖ ክዳኑ አልገጠመም።

በሣልስቱ ፋዲላ መጣች። ከኑሬ ሞት ወዲህ ደጃፏን ረግጣ አታውቅም ነበር። ዘርፉ አጠገብ ተቀመጠች።

"ልጅቷን አሁንም የቦዩን ነው የምታጠጫት?" አለች።

"አፍልቼ።"

"የኔዎቹ የጉድጓዱን ነው የሚጠጡት። እንደሚጎዳቸው አውቃለሁ" አለች ፋዲላ። "የቦዩን መስጠት ግን አልችልም፣ እጄ እሺ አይለኝም።"

ዘርፉ እጇን ያዘቻት።