ጠጉራሙ ወንድማችን ጊታሩን የሰበረ ዕለት

ቅዳሜ ከሰዓት ነው... በንጉሡ ጊዜ፣ ሆሳዕና ከተማ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮቶች በሙሉ በቡሉኮ ተሸፍነዋል። ውጭው ጠራራ ፀሐይ፣ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ።

ከአዲስ አበባ የመጣ የሲኒማ መኪና ስለ ወባ ፊልም ያሳያል ተብሎ ከሩቅ ከጃጁራ ገጠር ሳይቀር ሰው መጥቷል። የወባው ፊልም ቶሎ አለቀ። ሰው ቅር ሲለው ጊዜ ፊልም አሳዪው፣ «አንድ ትርፍ ፊልም አለኝ፤ የአንድ የውጭ አገር ዘፋኝ የሕይወት ታሪክ ነው። ልሂድ ወይስ ላሳያችሁ?» አለ።

ማን ሂድ ይለዋል?

እኔ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ከመዘምራን ልምምድ በቀጥታ ስለመጣሁ ጊታሬ ትከሻዬ ላይ ናት። አንዲት ፈረንጅ ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ ትታልኝ የሄደች ናት፤ በከተማው ሌላ ጊታር አልነበረም። አጨዋወቱን ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደልም ያስተማረኝ ሰው የለም። ክሯ ሲበጠስ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትቼ እተካለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ሎምበሶ ግን ይህችን ጊታር ዓይኗን ማየት አይፈልጉም ነበር። «የዳንኪራ ዕቃ» ነው የሚሏት። እሷን ከጉባኤው የሚያስወጡበት ምክንያት ሲፈልጉ ከርመዋል።

ፊልሙ ተጀመረ። ጠጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ወጣት ጊታር አንግቶ መድረክ ላይ ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ላቡ ይንጠባጠባል። የሚወራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ለማንም አልገባም። ፊልም አሳዪውም አልገባውም።

«ምን ሆኖ ነው ሰውዬው?» አለች አንዲት ሴት።

«ምን ይሆናል... ጋኔን ይዞታላ!» አለ ከአጠገቧ ያለው።

መድረኩ ሥር ያሉት ልጃገረዶች ያለቅሳሉ፣ ጠጉራቸውን ይነጫሉ። አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች። ተሸክመው አወጧት።

አቶ ሎምበሶ ከፊት ወንበር ብድግ አሉ። «ይኸው! ለቀቃት!»

ዘፋኙ ይሄኔ ጊታሩን በሁለት እጁ አንስቶ ከወለሉ ጋር አላተመው። ደገመው። ስብርባሪው ላይ እሳት ለቀቀበት።

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። «ሃሌ ሉያ!» የማይል አልነበረም።

የኛን አገር ልማድ የማያውቅ ሰው ይህ ግር ይለዋል። በዚያ ዘመን በሐዲያም በከምባታም ሰው ሲያምን ጨሌውንና የጠንቋይ ቤት ዕቃውን ሕዝብ ፊት አውጥቶ ይሰብራል፣ ያቃጥላል። ዙሪያው የቆመው ያለቅሳል፣ ይዘምራል። አቶ ሎምበሶ ራሳቸው የአባታቸውን ጨሌ በገዛ እጃቸው ያቃጠሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ያዩት ነገር ለሁሉም ግልጽ ነበር... ፈረንጁ አምኗል!

ባለሱቁን ከድርን ብቻ አልጣመውም። «ኧረ በአላህ! ካልፈለገው ምነው ለኔ በሸጠልኝ!» አለ።

አቶ ሎምበሶ ሰዉን እየገፉ ወደ እኔ መጡ።

«አየህ አንተ? ፈረንጁ እንኳ ሰበረ! አንተስ ምን ትጠብቃለህ?»

ሰው ሁሉ ዞረ። «ስበር! ስበር!» ይል ጀመር። አንዱማ ክብሪት አውጥቷል።

«አልሰብርም ጋሼ።»

«ከጌታ ጋር ልትጣላ ነው?»

«ከእርስዎ ጋር ነው የተጣላሁት።»

ጉርምርምታ ተነሳ። የማን እንደሆነ ያላየሁት እጅ የጊታሯን አንገት ጨበጠ። እኔም ጨበጥኩ። አልለቅም... እሱም አይለቅም።

«ኧረ ቁጭ በሉ! ገና አላለቀም፤ ሌላ የፊልም ጥቅል አለ!» ብሎ ጮኸ ፊልም አሳዪው።

ጠጉራሙ ሰውዬ ተመልሶ መጣ። ሌላ ከተማ፣ ሌላ መድረክ። አንገቱ ላይ አዲስ ጊታር፣ ከበፊቱ ይልቅ የሚያብረቀርቅ። ጥርሱን እያሳየ ይስቃል።

ጊታሬን የጨበጠው እጅ ለቀቀ። አሁን ያፍራሉ ብዬ ጠበቅኩ።

አቶ ሎምበሶ ግን ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «ወይኔ! ወደ ኋላ ተመለሰ!» አሉ።

እዚያው ቆመው ጸሎት ጀመሩ። የዘፋኙን ስም ስላላወቁ፣ «ጌታ ሆይ፣ ያን ጠጉራም ወንድማችንን አስበው» አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። ከአሜኑ በኋላ እጃቸውን ወደ ጊታሬ ዘረጉ።

«እንግዲህ አንተ ሰብረህ ጽና።»

«ጋሼ፣ እሱስ ወደ ኋላ ቢመለስ ሌላ ጊታር አለው። እኔ ይህችን ከሰበርኩ በምን እመለሳለሁ?»

ከድር ሳቁን መያዝ አቅቶት ከአዳራሹ ወጣ። እኔም ጊታሬን ይዤ ተከትዬው ወጣሁ።

በማግስቱ ከመዘምራን አስወጡኝ። ይቅርታ ጠይቅ አሉኝ... አልጠየቅኩም። የከድር ግቢ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር በአጥር ይዋሰናል። «ና፣ እዚህ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ በል፤ ማን ይናገርሃል?» አለኝ። በየእሁዱ እዚያ ተቀምጬ እነሱ ውስጥ የሚዘምሩትን መዝሙር ከውጭ በጊታሬ መታሁ። ሲያፈጥኑ አላፈጠንኩም። ቆይተው እነሱ በእኔ ምት መሄድ ጀመሩ።

ዛሬ እዚያ ቤተ ክርስቲያን ጊታር ሞልቷል። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

አቶ ሎምበሶ እስኪሞቱ ድረስ ለጠጉራሙ ወንድማችን ጸለዩለት፤ ለእኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጸለዩም። ደግ አደረጉ... እኔ መቼ ወደ ኋላ ተመለስኩ?